አንደኛ ፎቅ የት ነው?

«ቢሮው አንደኛ ፎቅ ላይ ነው» የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ለንደን ውስጥ የደረሰው ሰው ደረጃ መውጣት አለበት። ዋሽንግተን ውስጥ ከሆነ ግን ቢሮው ከመንገዱ እኩል ነው፤ በሩን ከፍቶ መግባት ብቻ ነው። እንግሊዞች ምድሩን «ግራውንድ» ብለው ቆጠራውን ከላዩ ይጀምራሉ፤ አሜሪካኖች ምድሩን ራሱን አንድ ይሉታል። እኛ «ጂ ፕላስ ፎር» ስንል አምስት ወለል ማለታችን ስለሆነ ሳናስበው ከእንግሊዞቹ ጋር ቆመናል። አሜሪካ የገባ የአዲስ አበባ ልጅ በአሳንሰር ከወጣ ቁጥሩ ያድነዋል፤ ደረጃ እየቆጠረ ከወጣ ግን አንድ ፎቅ አልፎ የሰው በር ያንኳኳል።

ስለ እንግሊዝኛ ስንከራከር አብዛኛውን ጊዜ የምንጨቃጨቀው የማን አነጋገር ያምራል፣ የትኛውስ ፊደል አጣጣል ትክክል ነው በሚለው ላይ ነው። ለእኔ ይህ ጊዜ ማባከን ነው። የማናውቀው ቃል ሲመጣ እንጠይቃለን፣ ወይም ስልካችንን አውጥተን እንፈልጋለን። ኪሳራ የሚያመጣው ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ቃል ነው፤ አውቀዋለሁ ብሎ ማንም አይጠይቅበትምና።

ደመወዝን እንውሰድ። «ባይዊክሊ» የሚለው ቃል በሳምንት ሁለት ጊዜም በየሁለት ሳምንቱም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ይደናገሩበታል። በአሜሪካ የደመወዝ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ግን በየሁለት ሳምንቱ ማለት ነው፤ በዓመት 26 ክፍያ። «ሰሚ መንዝሊ» ከሆነ በወር ሁለት ጊዜ፣ በዓመት 24 ነው። የዓመቱ ደመወዝ እኩል ቢሆንም የእያንዳንዱ ክፍያ መጠን ይለያያል። ስለዚህ በ24 አካፍሎ የቤት ኪራይ የተዋዋለ ሰው በ26 የሚከፈለው ከሆነ፣ በአብዛኛው ወር ካሰበው ያነሰ ገንዘብ እጁ ይገባል። ቀሪው የሚመጣው ሦስት ክፍያ በሚደርስባቸው ሁለት ወራት ነው። እንግሊዞች ሁለት ሳምንትን «ፎርትናይት» ብለው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይገላገላሉ፤ እዚህ ላይ ብልሆቹ እነሱ ናቸው።

ቀን ደግሞ የባሰ ነው። 04/05 ለአሜሪካዊ ኤፕሪል 5፣ ለእንግሊዛዊ ሜይ 4 ነው። ቀኑ ከ12 ከበለጠ ስህተቱ ራሱን ያጋልጣል፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ያለው የእኛ አቆጣጠር እንጂ የእነሱ አይደለም። እስከ 12 ያሉት ቀናት ግን በዓመት 132 ጊዜ ለሁለት ይነበባሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በፊደል መጻፍ። ሰዓት ላይም ወጥመድ አለ። ብሪታንያ ውስጥ «ሃፍ ሲክስ» ቢሏችሁ ስድስት ተኩል ነው፣ በእኛ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ተኩል። በጀርመን አድርጎ እንግሊዝ የገባ ሐበሻ ግን እዚያ በለመደው አባባል አምስት ተኩል ብሎ ይተረጉመውና አንድ ሰዓት ሙሉ በር ላይ ይቆማል።

በሥራ ቦታ ደግሞ «ኳይት ጉድ» አለች። አሜሪካዊ አለቃ ሲላት በጣም ጥሩ ማለቱ ነው። እንግሊዛዊ አለቃ «ኳይት» የምትለዋን ጫን አድርጎ ካላት «ይሁን፣ ምንም አይልም» እንደማለት ነው፤ ያንን ሰምቶ የደመወዝ ጭማሪ የሚጠይቅ ሰው ያሳዝናል። ትልልቆቹም ቢሆኑ አልዳኑም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሁለቱ አገሮች የጦር ሹማምንት አንድን ጉዳይ «ቴብል እናድርግ» በሚለው ቃል ረጅም ክርክር ውስጥ እንደገቡ ቸርችል ራሳቸው ጽፈዋል። ለእንግሊዞቹ አሁኑኑ እንወያይበት ማለት ነበር፣ ለአሜሪካኖቹ ለጊዜው እናቆየው። ፍላጎታቸው ግን አንድ ነበር።

በሰው አገር አነጋገር ለመሳቅ እኛ አፍ የለንም። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በተለይ የኮካ ኮላ አገር በሆነችው አትላንታ አካባቢ፣ ማንኛውም ለስላሳ «ኮክ» ይባላል፤ «ምን ዓይነት ኮክ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሚኒሶታ ላይ ያው መጠጥ «ፖፕ»፣ ኒውዮርክ ላይ «ሶዳ» ነው። እኛስ የታሸገ ውኃን ሁሉ «ሃይላንድ»፣ የወረቀት መሐረብን ሁሉ «ሶፍት» እንል የለ? «ሆቴል እንብላ» ብለን በእንግሊዝኛ የጋበዝነው እንግዳስ አልጋ የምንይዝ አይመስለውም?

አንዳንዱ ስህተት የሚባለው ነገር እንዲያውም የቋንቋውን ቀዳዳ የሚደፍን ነው። እንግሊዝኛ አንተን፣ አንቺን፣ እናንተንና እርስዎን በአንዲት «ዩ» ጠቅልሎ አስቀርቷል። ስለዚህ ደቡቦቹ «ያል»፣ ፒትስበርጎች «ዪንዝ»፣ አየርላንዶችና ሊቨርፑሎች «ዩዝ» ብለው የራሳቸውን «እናንተ» ሠሩ። «ያል»ን የመሃይም ንግግር የሚል የእኛ አገር መምህር እስቲ «እናንተ» የሌለበት አማርኛ ለአንድ ቀን ይሞክር።

የእኛው እንግሊዝኛም ቅይጥ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ እንግሊዞች፣ ከ1962 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን፣ በዚያው ዘመን ደግሞ ብዙ ሕንዳውያን አስተምረውናል። ዛሬም ዱባይ ወይም ዶሃ ላይ ሐበሻ የሚሰማው እንግሊዝኛ በአብዛኛው የሕንድና የፊሊፒንስ ነው። ሕንዳዊ ባልደረባ «ዳውት አለኝ» ሲል ጥያቄ አለኝ ማለቱ እንጂ መጠርጠሩ አይደለም። «ፕሪፖን» ካለ ቀጠሮው ከተያዘለት ጊዜ ቀድሟል፤ «ላክ» 100 ሺህ፣ «ክሮር» 10 ሚሊዮን ነው። ፊሊፒናዊት «ሲአር» ስትል መጸዳጃ ቤት እየጠየቀች ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚሄዱ ሰዎች የሚሰጠው የቋንቋ ሥልጠና ከለንደን ሰዋስው ይልቅ እንደነዚህ ያሉ ሃምሳ ቃላት ቢያስይዝ እመርጣለሁ፤ መማሪያ መጽሐፎቻችንም ከቃሉ አጠገብ አገሩን ቢጽፉ።

ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ለከፈተ ወንድማችን ደግሞ ሁለት ነገር ይበቃዋል። «ሮቦቱ ጋ ታጠፍ» ከተባለ ሮቦቱ የትራፊክ መብራት ነው። «ጀስት ናው» ደግሞ አሁን ማለት አይደለም፤ ቆየት ብሎ፣ ምናልባት ማታ፣ ምናልባትም ጭራሽ የማይሆን ነው። «ናው ናው» ትንሽ ይሻላል። «ጀስት ናው እከፍላለሁ» ያለውን ደንበኛ ስም ግን ዱቤ መዝገቡ ላይ ማስፈር ነው።