አዲስ ሽጉጥ ሲነክስ ሞረድ አታንሱ

በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል የአክስቴ ልጅ ከቡሬ ደብረ ማርቆስ ድረስ መጣ። ቡሬ ላይ የእህል መጋዘን አለው። በቆሎና ስንዴ ይሰበስባል፤ በገበያ ቀን ገንዘብ ይዞ ያድራል። ለዚሁ ብሎ በፈቃድ ያስመዘገበው አዲስ ሽጉጥ ነበረው። ገና ሳይቀመጥ፣ ቡና ሳይቀርብለት፣ «አያ፣ ይቺ ነገር ትነክሳለች» አለኝ። 10 ጥይት ተኩሶ 3ቱ ላይ ነክሶበታል፤ ማለትም ጥይቱ መንገድ ላይ ተይዞበታል። አንድ ብየዳ ቤት ደግሞ «ጥይት መግቢያዋን በሞረድ ትንሽ ላለስልሳት፣ ከዚያ ወዲያ አትነክስም» ብሎ ቀጠሮ ሰጥቶታል። ቀጠሮው ሲቀርብ ልቡ ፈራና ወደ እኔ መጣ።

20 ዓመት ያህል በመሣሪያ ጥገና ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። በሞረድ ተበላሽተው እጄ የገቡ ሽጉጦችን ቁጥር አላስታውሰውም። ጥይት ከካዝና፣ ማለትም ጥይቶቹ ከሚደረደሩበት ተነቃይ ሣጥን፣ ወጥታ ወደ ቤቷ፣ ማለትም ወደምትተኮስበት ቀዳዳ፣ የምትገባባት አጭር ዳገት አለች። ፋብሪካው ቁልቁለቷን በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ለክቶ ነው የሠራት። እሷን የሞረደ ሰው የቀለሃውን፣ ማለትም ባሩዱን የያዘውን የጥይት ቅርፊት፣ ጀርባ የሚደግፈውን ብረት አብሮ ያነሣል። ድጋፍ ያጣ ቀለሃ ደግሞ በተኩስ ግፊት ተቀድዶ እሳቱንና ስብርባሪውን ወደ ተኳሹ እጅ ሊተፋ ይችላል። የተነሣ ብረት አይመለስም። ስለዚህ ሞረድ ከመነሣቱ በፊት ሌላው ሁሉ መታየት አለበት፤ ሌላው ሁሉ ከታየ በኋላም አዲስ ሽጉጥ ወደ ሻጩ ይመለሳል እንጂ ብየዳ ቤት አይገባም።

ሰዎች «አይሠራም» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ከሸፈ ወይስ ነከሰ ብዬ ነው። ከሸፈ ማለት መርፌው መትቶ ጥይቱ ሳይፈነዳ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ አፈሙዙን ጉዳት ወደማያደርስበት አቅጣጫ እንዳዞሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ መጠበቅ ግድ ነው፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለ። ነከሰ ማለት ግን ጥይቱ ወይም ቀለሃው መንገድ ላይ ሲያዝ ነው። ሽጉጥ ሲተኮስ ግፊቱ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ጥፍሩ ባዶውን ቀለሃ ጎትቶ ያወጣዋል፣ ቀለሃው ተፈናጥሮ ይወድቃል። ከዚያ ሞላው ተንሸራታቹን ወደ ፊት ሲመልሰው ከካዝናው አናት ላይ ያለችውን ጥይት ይገፋታል። ያቺን ዳገት ወጥታ ቤቷ ትገባለች። ይህ ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ የትኛውም ቦታ ላይ ትንሽ ሲጎተት ጥይቷ አፍንጫዋን ደፍታ ትቀራለች።

ይህን የማብራራው በእኛ አገር የመሣሪያ ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ስለሆነ ነው። የአያቶቻችን ስናድርና ውጅግራ ግን አንድ ጥይት በእጅ ጎርሶ አንድ የሚተኩስ ነበር። ካዝና የለው፣ የሚነክስበት ነገር ጥቂት። የእነሱ ልጆች የሆንን ሰዎች መሣሪያ መወልወል እናውቃለን፤ በራሱ ስለሚጎርስ መሣሪያ ግን ያስተማረን የለም።

ወደ ቡሬው ሽጉጥ ልመለስ። ካዝናውን አወጣሁ፣ ተንሸራታቹን ስቤ ቤቱን በዓይኔም በጣቴም አየሁ፣ ጥይቶቹን ሌላ ክፍል አስቀመጥን። ስፈታው የፋብሪካው መከላከያ ቅባት እንዳለ አለ። መርከብ ላይና መጋዘን ውስጥ እንዳይዝግ የሚቀባ ወፍራም ነገር ነው፤ ከመተኮሱ በፊት ተጠርጎ በስስ የመሣሪያ ዘይት መተካት አለበት። ይህን የሚናገረው መመሪያ ሳጥኑ ውስጥ እንደታሸገ ነበር። ከዚያ ቅባት ላይ ደግሞ ይኸው የአክስቴ ልጅ፣ ወንድሜ፣ የኑግ ዘይት ደርቦበታል። «አባባ ጠመንጃውን በእሱ ነበር የሚወለውለው» አለኝ። የኑግ ዘይት ለወጥ የሚሆነውን ያህል ለብረት አይሆንም። አየር ሲያገኘው ይወፍራል፣ ቆይቶም እንደ ሙጫ ይይዛል፤ የወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ የፈሰሰ ዘይት ከወር በኋላ እንዴት እንደሚጣበቅ እናቶቻችን ያውቃሉ። በበጋ የመንገድ አቧራ ሲጨመርበት ተንሸራታቹ ሩጫውን ሳይጨርስ ይቆማል። በነጭ ጋዝ አጠብነው፣ አደረቅነው፣ ስስ ዘይት ጠብታ ጠብታ አደረግንበት። ቤቱና አፈሙዙ ውስጥ ዘይት አይቀርም፤ ደረቅ መሆን አለባቸው።

ከዚያ «እንዴት ታቀባብላለህ? አሳየኝ» አልኩት፣ ባዶውን። ተንሸራታቹን ወደ ኋላ ሳበና እንዳይሰበርበት እየሳሳለት በእጁ ይዞ ቀስ ብሎ መለሰው። አዲስ ዕቃ እንዳገኘ ሰው ነው የያዘው፤ አልፈርድበትም። ግን ጥይቷን ዳገት የሚያወጣት የሞላው ሙሉ ጉልበት ነው። እጅ ካጀበው ጉልበቱ ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል። እስከ መጨረሻው ስቦ መልቀቅ ነው። ሲተኩስም እንደዚሁ አንጓው የላላ ሰው ሽጉጡ በእጁ ውስጥ አብሮ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ተንሸራታቹ የሚገባውን ያህል አይጓዝም። እጅ ሲጠነክር «የፋብሪካ ችግር» የተባለው መንከስ ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል።

ሦስተኛው ካዝናው ነው፤ ከልምዴ እንደማውቀው ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚነክሰው በካዝና ምክንያት ነው። 2 ካዝና ነበረው፤ በጥፍር ቀለም 1 እና 2 ብለን ጻፍንባቸው። ይህን እያንዳንዱ ባለመሣሪያ ዛሬውኑ ቢያደርገው ደስ ይለኛል፤ ቁጥር የሌለው ካዝና ጥፋቱን ለሽጉጡ ያሸክማል። ባሩድ የሌላቸው የልምምድ ጥይቶች ነበሩኝና አንድ በአንድ አጎረስናቸው። ቁጥር 1 ምንም አልያዘም። ቁጥር 2 በየተራው ከመሃል ላይ አፍንጫዋን የደፋች ጥይት ያወጣል። ወደ ብርሃን አቅርበን ስናየው የአፉ አንዱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ለካ መጋዘኑ ሲሚንቶ ላይ ወድቆበት ነበር። አንዳንዴም ካዝናው ደህና ሆኖ እስኪቆለፍ አልተገፋም፤ ያን ጊዜ ተንሸራታቹ ጥይቷን ሳይነካት በላይዋ ያልፋል፣ ሰውየውም ያቀባበለ መስሎት ባዶ ይይዛል።

ጥይቱን ግን ስናይ ደነገጥኩ። 2ቱ የማካሮቭ ነበሩ። በገበያ ቋንቋ ሁሉም «ዘጠኝ ሚሊ» ነው፣ ሻጩም ገዢውም ከዚያ አያልፍም። ማካሮቭ የሶቪየት ጦር በ1951 እ.ኤ.አ. የተቀበለው፣ አገራችንም በደንብ የምታውቀው ባለ 8 ጥይት ሽጉጥ ነው። ቀለሃው 18 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ የእርሳሱ፣ ማለትም ተተኩሶ የሚሄደው ጫፍ፣ ውፍረት ወደ 9.27 ሚሊ ሜትር ነው። በወንድሜ ሽጉጥ ላይ የሚሠራው ሌላው ዘጠኝ ሚሊ፣ ፓራቤለም የሚባለው፣ ቀለሃው 19፣ እርሳሱ 9.01 ነው። ሙሉ ቁመታቸውም 25 እና 29.7 ገደማ ነው። ጎን ለጎን ሲቆሙ ልጅ ይለያቸዋል፤ ተቀላቅለው በፌስታል ሲመጡ ግን ትልቅ ሰውም ይስታል። በአፈሙዙ ላይ የተጻፈውና ቀለሃው ግርጌ ላይ የተጻፈው ካልገጠመ ያቺ ጥይት አትጎረስም። ሽጉጡ ሲነክሳት ባለቤቱን እያስጠነቀቀው ነው።

ሌላም አለ። ወንድሜ ሁልጊዜ ማታ ማታ ያራግፋል፣ ጠዋት ያቀባብላል። ጥንቃቄው መልካም ነው። ነገር ግን ያቺው አንዲት ጥይት ለወራት ስትገባ ስትወጣ እርሳሷ በዳገቷ እየተመታ ወደ ቀለሃው ጠልቆ ነበር፤ ከሌሎቹ ጋር አቁመናት በዓይን ታጥራለች። እንዲህ ያለች ጥይት አገባቧ ከመበላሸቱ በላይ ስትተኮስ ግፊቷ ከልኩ ያልፋል። ከጓደኞቿ ያጠረች ጥይት ለሚመለከተው አካል ትሰጣለች እንጂ አትተኮስም።

ስለ አንድ ነገር አጠር አድርጌ ልናገር። ከድንበር በድብቅ የሚገቡና ብዙዎች «የቱርክ ሽጉጥ» የሚሏቸው አሉ። ከእነሱ ውስጥ መጀመሪያ ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ ተሠርተው በኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተለወጡ አሉ፤ አካላቸው ለዚያ ግፊት ያልታሰበ ለስላሳ ብረት ነው። ይህ ዓይነቱ ሲነክስ የሚጠገን ነገር የለም። ፖሊስ ጣቢያ ወስዶ ማስረከብ ነው፤ የእጅ ጣት ከገንዘቡ ይበልጣል።

አሁን ወደሚቆጨኝ ነገር ልምጣ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል፤ መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል መሆኑ ግልጽ ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ፈቃድ ያገኘው ሰው መሣሪያው መሥራት አለመሥራቱን የት ይፈትነው? የትም። ሽጉጥ በ10 ጥይት አይታወቅም። በ1911 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር የጆን ብራውኒንግን ሽጉጥ ከመቀበሉ በፊት 6000 ጥይት አስተኩሶታል፤ ሲግል ውኃ ውስጥ እየነከሩ ቀጠሉ፣ አንድም አልነከሰም። ከእኛ ባለመጋዘን 6000 አልጠብቅም። ከአንድ አዲስ ሽጉጥ ጋር ለመተዋወቅ ግን 200 ያህል ጥይት ያስፈልጋል፤ ጥብቅ ሆነው የተሠሩት ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። በዋጋውም በቦታውም ይህን የሚችል ሰው ጎጃም ውስጥ አላውቅም።

ቦታ ሲጠፋ ሰው የት እንደሚሞክር ሁላችንም እናውቃለን። በሠርግ ነው፣ በለቅሶ ነው። ወደ ሰማይ የተተኮሰው የሰው ጣሪያ ላይ ይወርዳል፤ የነከሰውን ለማላቀቅ በሰው መሃል የሚታገል ጎረምሳ አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ አያይም። ልቅሶ ቤት ሌላ ልቅሶ የጨመረ ተኩስ ያልሰማ ጎጃሜ አለ ብዬ አላስብም። በዚህ ባለንበት የግጭት ዘመን ደግሞ አንድ ተኩስ ሱቅ ያዘጋል፣ እናትን ልጇን ፍለጋ ያስሮጣል። ስለ መሣሪያ በዚህ ጊዜ መጻፍ ከብዶኝ ነበር። መሣሪያ ይብዛ ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ፤ ባነሰ ደስታዬ ነው። ግን በፈቃድ የተያዘው ቤት ውስጥ ነው ያለው፣ ልጆችም እዚያው ናቸው፣ ባለቤቱም አያውቀውም።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። የፖሊስና የሚሊሻ ማሠልጠኛ ሜዳ በየአካባቢው አለ። ሰላም ባለበት ቦታና ጊዜ፣ በ3 ወር አንድ ቀን፣ አሠልጣኝ ቆሞ ባለፈቃዶች በተራ መሣሪያቸውን ይፈትኑ። ፈትቶ መግጠምና ማጽዳት የማይችል ሰው ፈቃዱ እንዲታደስለት አይገባም። በየዞኑ አንድ የታወቀ የመሣሪያ ጠጋኝ በሕግ ይሰየም፤ ያን ጊዜ ማንም ብየዳ ቤት አይሄድም። ወጪውን ባለፈቃዱ ይክፈል፤ ወንድሜ ለሞረዱ 1000 ብር ሊከፍል ተዘጋጅቶ አልነበር?

እኛ ያንን ሽጉጥ ለመፈተን ፈቃድ ልንጠይቅ ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ 3 ጊዜ ተመላለስን። የመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበር። ሁለተኛው ቀን «እንዲህ ያለ አሠራር የለንም» ተባልን። ሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ አሠልጣኝ ነገሩን ሰምቶ አዘነልንና አስፈቅዶ፣ ራሱ ከጎናችን ቆሞ፣ ከከተማ ውጭ ባለ ሜዳ 50 ጥይት አስተኮሰን። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ግርጌያቸው የታየ። 40ው በካዝና ቁጥር 1 ሄዱ፣ አንድም አልተያዘም። ቁጥር 2 ላይ ሆን ብለን 10 ሞላን፤ አራተኛዋ አፍንጫዋን ደፋች።

ወንድሜ ካዝናውን አውጥቶ አራግፎ ለአሠልጣኙ አሳየው። ሽማግሌው የታጠፈውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳሰሰና አንገቱን ነቀነቀ። እዚያው ድንጋይ ላይ አስቀምጠው በሌላ ድንጋይ ጨፈለቁት፤ ወንድሜም ስልኩን አውጥቶ ብየዳ ቤቱ ደወለና ቀጠሮውን ሰረዘ።