ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?

ጣና ዳር ካሉት መዝናኛዎች በአንዱ በሳክስፎን የሚመራ የጃዝ አልበም ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በሰላም ያልፋሉ። ሰው መግቢያ ይመስለዋል። ትንሽ ቆይቶ ግን ከዓሣ ጉላሹ ቀና የሚል አንድ ጋሼ አይጠፋም፦ «ልጄ፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» አስተናጋጇም በትሕትና «አሁን ይገባል ጋሼ» ትላለች። ከገባ እኮ ቆየ። ቴነር ሳክስፎኑ ራሱ ነው።

እኛ ዘንድ ግጥም የሌለው ዜማ ሥራው የታወቀ ነው፦ ከዜና በፊት ክፍተት መሙላት፣ የሆቴል እንግዳ መቀበያ ማሞቅ፣ ስልክ ላይ «እባክዎ ይጠብቁ» ማለት። ተቀምጦ ማዳመጥ የሥራ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

የሚገርመው የጎጃም ሰው ለነገሩ ባዳ አለመሆኑ ነው። ሰርግ ላይ ሽለላ ሲሰማ ዱላውን ነቅንቆ የሚነሣው ሰው፣ ያው ሽለላ በሳክስፎን ሲመጣ ሒሳብ ይጠይቃል። ነፍሳቸውን ይማርና ጌታቸው መኩሪያ የሸላዩን ጉሮሮ ወደ ቴነር ሳክስፎን ያዛወሩ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው አልበማቸው ላይ ድምፁን አርዝመው ይይዙታል፣ ያንቀጠቅጡታል፣ መጨረሻው ላይ ይሰብሩታል፤ ባንዱ ከሥር ሳይናወጥ ይሄዳል። «እሰይ!» የሚባለው ሲሰበር ነው። ከበሮው ሲደምቅ የሚያጨበጭብ ሰው ቸኩሏል።

የሳክስፎን አካሉ ነሐስ ስለሆነ ከጥሩምባ ጋር የሚደምረው ብዙ ነው። ድምፁ የሚወለደው ግን መንፊያው ላይ ከሚታሰረው ሪድ ነው፤ ሪዱ ደግሞ ስስ የሸምበቆ ስንጥር ነው። ስለዚህ ቤልጅጋዊው አዶልፍ ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1846 ፓሪስ ላይ በስሙ ያስመዘገበው መሣሪያ ከእንጨት ትንፋሽ መሣሪያዎች ጋር ይመደባል፣ ከዋሽንት ጎራ ማለት ነው። (ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ሌላ ተክል ነው። ይህን የምንለው ከባሕሩ ዳር ቆርጦ ሊሞክር የሚነሣ ስለማይጠፋ ነው።) ሪድ ሳይርስ ከተነፋ ይጮኻል፤ በበጋ ነፋስ ደግሞ በሁለት ዜማ መካከል ይደርቅና ጫፉ ይሸበሸባል። በአካል የሚጫወተው ሰው ደጋግሞ ወደ አፉ የሚወስደው ለዚህ ነው። ታዳሚው ግን ጠማው ብሎ ለስላሳ ይልክለታል። ስኳሩ በትንፋሹ ወርዶ ቀዳዳ የሚደፍኑትን ፓዶች ያጣብቃል፤ ፓድ ሲጣበቅ ቁልፉ ዘግይቶ ይከፈታል፤ «ይሄ ልጅ ዛሬ ምን ነክቶታል?» ይባላል። የምታከብሩት ከሆነ ውኃ ላኩለት።

ወደ አልበሙ እንመለስ። በስልክ ድምፅ ማዳመጥ ጨርሶ አይሞከርም። ቴነር እስከ 104 ኸርዝ ገደማ ይወርዳል፤ የስልክ ስፒከር እዚያ አይደርስም፣ ደረቱን ትቶ አፍንጫውን ብቻ ያሰማል። የመዝናኛው ባለቤት ችግር ደግሞ ተቃራኒ ነው። ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ወደ ሐይቁ አዙሮ ያቆማል፣ ጎረቤት እንዲያውቅ። ሜዳ ላይ የሚመልሰው ግድግዳ ስለሌለ ቤዙ ይበተናል፤ እሱም ቤዙን እስከ ጥግ ይጨምራል፤ ከዚያ ቤዝ ጊታሩ ሳክስፎኑን ይውጠዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ስፒከሮቹን ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥታችሁ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቁ፣ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት ላይ አድርጉ፣ ቤዙን መሐል መልሱ። በመካከላቸው 2 ሜትር ካለ እናንተም 2 ሜትር ርቃችሁ ተቀመጡ። ጄኔሬተሩ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ለፍቅረኞች ተዉላቸው፤ እነሱ የሚያዳምጡት ሌላ ነው።

የዜማዎቹን ቅደም ተከተል አታቀላቅሉ። የሸክላ አንድ ፊት 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ቡናው ተቆልቶ አቦል እስኪወርድ አንደኛው ፊት ያልቃል፣ ሁለተኛውን ለቶና ማስቀመጥ ነው።

ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ግን ባትደክሙ ይሻላል፤ ባሕሩ ዳር የሙሽሮች ነው። ይልቅ ቪዲዮ ቀራጩ ራሱ መጥቶ ድምፁ ከፍ እንዲል ይለምናችኋል፣ ቀስ ብሎ መራመድን ለመቅረጽ ሳክስፎን ይመቸዋልና። ፍቀዱለት። የደረሳችሁበት ዜማ ትዝታ ከሆነ ግን ወደሚቀጥለው አሳልፉት፤ ሙሽራዋ ማንን እንዳስታወሰች የምትጠይቅ አማት አትጠፋም።