በሳጥኑ ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ለማን ነው?

ዛሬ የቆየ ብሶቴን በዝርዝር ልጽፍ ነው፤ ጉዳዩም የካርታ ጨዋታ ነው። ኮንከር የምንጫወትበትን ባለ 52ቱን ካርታ ማለቴ አይደለም። የራሳቸው ታሪክ፣ የራሳቸው ሕግና የራሳቸው ሥዕል ኖሯቸው በሳጥን የሚሸጡትን፣ ለብቻም ሆነ ከአንድ ሁለት ሰው ጋር ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው የሚጫወቷቸውን ዘመናዊ ጨዋታዎች ማለቴ ነው። እነዚህን ጨዋታዎች ከልቤ እወዳቸዋለሁ። ማታ ከሥራ በኋላ ስልክና ቴሌቪዥን ዘግቶ ከእህቴ ጋር፣ እርሷ ስትጠፋም ብቻዬን ተቀምጬ፣ አንድ ሰዓት ያህል በሐሳብ መጠመድን የመሰለ ዕረፍት አላውቅም። የሚያንገበግበኝ ጨዋታው ሳይሆን የሚመረጥበትና የሚሰፋበት መንገድ ነው። አንድ ወይም ሁለት ሆኖ የሚጫወት ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ዋናው ነገር ሳጥኑ ላይ አይጻፍም።

ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው «ከ1 እስከ 4 ተጫዋች» የሚል ነው። ይህ ቁጥር ሕጉ ለአንድ ሰው እንደሚፈቅድ ይናገራል እንጂ አንድ ሰው ሲጫወተው ጨዋታው ምን እንደሚሆን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን የዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ የካርታ ጨዋታ እንውሰድ። በመነሻ ሳጥኑ ውስጥ ሦስት ተልእኮዎች አሉ፤ የመጨረሻው ዶል ጉልዱር ከተባለው ምሽግ ማምለጥ ነው። ይህ ተልእኮ ሲጀመር ከተጫዋቾቹ ጀግኖች አንዱ በዕጣ ተወስዶ እስረኛ ይሆናል። ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ጀግና ይዘው ከተቀመጡ ከዘጠኙ አንዱን ያጣሉ። ብቻውን የተቀመጠው ሰው ግን ከሦስቱ አንዱን፣ ማለትም የኃይሉን ሲሶ፣ ገና አንድ ካርታ ሳይጥል ይነጠቃል። የችግሩን ደረጃ የሚያሳየው ቁጥር ግን ለብቸኛውም ለሦስቱም ያው 7 ነው። ብቻውን የሚጫወት ሰው በዚህ ቁጥር ተማምኖ ሲቀመጥና በተደጋጋሚ ሲሸነፍ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል፤ እኔን ከምንም በላይ የሚያናድደኝም ይህ ነው።

አርካም ሆረር የተባለው የካርታ ጨዋታም ከዚህ አያመልጥም፤ ያውም ከምወዳቸው ሁሉ ፊተኛው ነው። እያንዳንዱ መርማሪ፣ ማለትም ተጫዋቹ የሚወክለው ገጸ ባሕርይ፣ በአንድ ዙር ሦስት ተግባር ማከናወን ይችላል። በሌላ በኩል፣ ክፉው እቅድ ምን ያህል እንደተቃረበ የሚቆጥረው የጥፋት ምልክት ተጫዋቹ አንድም ይሁን አራት በየዙሩ በአንድ ይጨምራል። በየቦታው የሚሰበሰበው ፍንጭ በሰው ቁጥር ልክ እንዲያድግ ተደርጓል፤ ይህን አደንቃለሁ። ነገር ግን መርማሪዎቹ የተሠሩት እርስ በርስ እንዲደጋገፉ ነው፤ አንዱ ይዋጋል፣ ሌላው ይፈልጋል። በመነሻ ሳጥኑ ውስጥ ያለችው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ዴዚ ዎከር በዕውቀት 5 ስትሆን በውጊያ ግን 2 ብቻ ናት። ከተዋጊው መርማሪ ከሮላንድ ባንክስ ጎን ስትሰለፍ እጅግ ጠቃሚ ናት፤ ብቻዋን ከአውሬ ጋር ስትፋጠጥ ግን መጽሐፏ ብዙም አያድናትም። በዚህም የተነሳ ብቻቸውን የሚጫወቱ ብዙ ሰዎች ሁለት መርማሪዎችን በሁለት እጅ ይዘው፣ ሁለት የካርታ ክምር እያስተዳደሩ፣ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራሉ። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ እኔም አደርገዋለሁ። ግን ከድካም የመጣን ሰው የሁለት ሰው ጨዋታ ብቻውን እንዲሸከም የሚጠይቅ ከሆነ፣ ያ ነገር ከመግዛቱ በፊት በግልጽ ሊነገረው አይገባም ነበር?

ሌሎቹንም ባጭሩ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሬስ ፎር ዘ ጋላክሲ ለብቻ መጫወት የሚቻለው ዘ ጋዘሪንግ ስቶርም የተባለውን ማስፋፊያ፣ ማለትም በመነሻው ላይ የሚጨመር ሳጥን፣ ለገዛ ሰው ነው፤ መነሻ ሳጥኑ ከሁለት ሰው ይጀምራል። ዘ ክሩ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በጀርመን ልምድ ላላቸው ተጫዋቾች የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተብሎ የተሸለመው፣ ለሦስትና ለአራት ሰው ድንቅ ነው። ለሁለት ሰው ግን የሚሠራው ሦስተኛ ምናባዊ ተጫዋች ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነው፤ የተጫዋች ቁጥር ብቻውን ይህን አይነግርም።

በትክክል የተሠራ የለም እንዳልል፣ ጀርመናዊው ፍሪደማን ፍሪዘ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ፍራይደይ አለ። ከመነሻው ለአንድ ሰው ብቻ ታስቦ የተሠራ፣ በአንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ የተጠናቀቀ ጨዋታ ነው። በደሴት ላይ የተጣለውን ሮቢንሰንን እያሠለጠኑ ከደካማ ካርታዎቹ ማላቀቅ ነው ሥራው። ሕጉ አጭር፣ ፈተናው ግን ከባድ ነው። ብቸኛው ተጫዋች እንደ ትርፍ ሳይሆን እንደ ዋና እንግዳ የተስተናገደበት ጨዋታ ስለሆነ፣ ይህን ማድረግ እንደሚቻል ማስረጃዬ እርሱ ነው።

ወደ ማስፋፊያው ልምጣ፤ ብሶቱ የሚብሰው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለው የካርታ ጨዋታ ሲወጣ፣ ካርታ የሚገዛው ታሽጎ በውስጡ ያለውን ሳያውቁ ነበር። አሳታሚው ፋንታሲ ፍላይት ጌምስ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያመጣው አሠራር ይህን ቀይሯል፤ በእያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ ምን ምን ካርታ እንዳለ አስቀድሞ ይታወቃል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው፤ ክብር ለሚገባው ክብር እሰጣለሁ። ሆኖም በጥቅሉ ውስጥ ያለው ቢታወቅም፣ ጨዋታው ሙሉ እንዲሆን የትኞቹ ጥቅሎች እንደሚያስፈልጉ ለጀማሪ የሚነግረው የለም።

አርካም ሆረር እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ሕጉ በአንድ ክምር ውስጥ ከአንድ ካርታ ሁለት ቅጂ ድረስ ይፈቅድ ነበር፤ ሳጥኑ ውስጥ ግን ከአብዛኞቹ የተጫዋች ካርታዎች አንድ አንድ ብቻ ነበር። ሦስትና አራት ሆነው ለመጫወት የፈለጉም ያንኑ ሳጥን ሁለት ጊዜ መግዛት ነበረባቸው። ከዚያ ቀጥሎ ታሪኩ ራሱ ተቆራርጦ መጣ፤ በአንድ ትልቅ ማስፋፊያ ውስጥ ሁለት ምዕራፍ፣ ከዚያ እየቆዩ በሚወጡ ስድስት ትንንሽ ጥቅሎች ውስጥ አንድ አንድ ምዕራፍ። እንጀራውን ዛሬ ሸጦ ወጡን በስድስት ቀጠሮ እንደማቅረብ ነው። ከስድስቱ አንዱ ከገበያ ከጠፋ ታሪኩ መሐሉ ይጎድላል፤ የጎደለውን የያዘ ነጋዴም የፈለገውን ዋጋ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2021 መነሻ ሳጥኑ ታርሞ እስከ አራት ሰው የሚበቃ ሆነ፤ ማስፋፊያዎቹም በሁለት ሳጥን፣ አንዱ ለመርማሪዎች፣ ሌላው ለታሪኩ፣ መውጣት ጀመሩ። ይህ ተገቢ እርምት ነው። ነገር ግን በድሮውም በአዲሱም ሳጥን ላይ የጨዋታው ስም ያው ስለሆነ፣ አሮጌውን በርካሽ ያገኘ ሰው ምን እንደጎደለው የሚያውቀው ቤቱ ገብቶ ካርታውን ሲቆጥር ነው።

ይህ የስም ጉዳይ በዶሚኒየንም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የጀርመንን የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ሽልማት የወሰደው ዶሚኒየን በየጨዋታው ከብዙ የካርታ ዓይነቶች አሥሩን መርጦ የሚጫወቱት ነው። ኢንትሪግ የተባለው ማስፋፊያው መጀመሪያ ሲወጣ የገንዘብና የነጥብ ካርታዎችን ስለያዘ ራሱን ችሎ ይጫወቱበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ሁለተኛ እትም ግን እነዚያ መሠረታዊ ካርታዎች ወጥተው መነሻ ሳጥን የግድ ሆነ። የቆየ ምክር ሰምቶ «ኢንትሪግ ብቻውን ይበቃል» ብሎ አዲሱን የገዛ ሰው ሊጫወት የማይችለውን ሳጥን ታቅፎ ይቀራል። አማካሪው አልዋሸም፣ ገዢውም አልተሳሳተም፤ በስሙ ሥር ያለው ዕቃ ነው የተለወጠው።

ሌላው ማንም በቅጡ የማያስረዳው ነገር ማስፋፊያ ሁሉ ጨዋታን በአንድ መንገድ አለማስፋቱ ነው። በዶሚኒየን አዲስ ሳጥን ሲጨመር ምርጫው ይበዛል እንጂ ጠረጴዛው ላይ የሚወጣው ያው አሥር ዓይነት ስለሆነ ጨዋታው አይበረዝም። በሬስ ፎር ዘ ጋላክሲ ግን አዲሶቹ ካርታዎች ሁሉ የሚገቡት ወደ አንዱ የጋራ ክምር ነው። ክምሩ በወፈረ ቁጥር አንድን ስልት ይዞ የሚፈልጉትን ካርታ ማግኘት ይከብዳል፤ በተለይ ሁለት ሰው ብቻ ሲጫወት በአንድ ጨዋታ የሚታየው ካርታ ጥቂት ስለሆነ። ኤሊየን አርቲፋክትስ የተባለው ማስፋፊያ ደግሞ ከቀደሙት ሦስቱ ጋር ጨርሶ እንዲቀላቀል አልተሠራም፤ አዲስ መስመር የሚጀምር ነው። እኔ እንደማምነው ለትንሽ ቡድን ማስፋፊያ ሲመረጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ይህ ይቀላቀላል ወይስ ይመረጣል?» የሚለው ነው። የሚመረጠው ዓይነት ለሁለት ሰው ዕድሜ ልክ ይበቃል፤ የሚቀላቀለው ግን ከተወሰነ መጠን በላይ ጨዋታውን ያደክመዋል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ማርቭል ቻምፒየንስ ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ መንገድ ይዟል። በመነሻው አምስት ጀግኖችና ሦስት ጠላቶች አሉ፤ በኋላ የሚሸጡት የጀግና ጥቅሎችም ወዲያው የሚጫወቱበት የተዘጋጀ ባለ 40 ካርታ ክምር ይዘው ይመጣሉ። የጠላቱ የሕይወት ነጥብም በተጫዋች ቁጥር ይባዛል። ይሁንና በአመራር ወይም በመከላከል ስልት መጫወት የሚወድ ሰው፣ የሚፈልጋቸው ካርታዎች ጨርሶ በማይፈልጋቸው ጀግኖች ጥቅል ውስጥ ተበታትነው ያገኛቸዋል። ለሦስት አራት ካርታ ብሎ ስልሳ ካርታ ይገዛል።

ይህን ሁሉ አዲስ አበባ ሆኖ ለሚመርጥ ሰው አስቡት። እኛ ሱቅ ገብተን ሳጥን ከፍተን አይተን አንገዛም። ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ሲመጣ ነው የምናስመጣው፤ ያውም በ23 ኪሎ ሻንጣው ውስጥ ከመድኃኒት፣ ከጫማና ከሕፃናት ልብስ ጋር ተሻምተን። የምንዛሬው ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ለገበያ ከተተወ በኋላ ደግሞ በዶላር ትንሽ የሚመስለው ጥቅል በብር ሲሰላ የወር አስቤዛን ይፈታተናል። የተሳሳተ ሳጥን ከመጣ መመለስ የሚባል ነገር የለም፤ አምጪው ተመልሶ በሯል። ስለዚህ ሌላው ዓለም በሁለት ቀን የሚያርመውን ስሕተት እኛ በዓመት አናርመውም። ጨዋታውን ትንሽ ቢሆንም በልኩ የማወቅ መብታችን የቅንጦት ጥያቄ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

አሳታሚዎችን የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። በሳጥኑ ጎን ላይ ጨዋታው በተለይ ለስንት ሰው እንደተሠራ፣ ለብቻ ሲሆን ምን እንደሚለወጥ፣ ሌላ ሳጥን የግድ የሚል ከሆነ የትኛው እትም እንደሆነ፣ ማስፋፊያው ከምን ጋር እንደማይሄድ በጉልህ ይታተም። የሕግ መጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ በጥቃቅን ፊደል የተደበቀው መረጃ በሙሉ ወደ ሳጥኑ ፊት ሊወጣ የሚገባው ነው። አንድን ሥዕል ትንሽ ቢያሳንሱ ቦታው ይበቃል።

እናንተንም ወዳጆቼ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ይህ ጨዋታ አሪፍ ነው፣ ግዙት» ብላችሁ ስትጽፉ ስንት ሆናችሁ እንደተጫወታችሁት አብራችሁ ጻፉ። የአራት ሰው ደስታ ለብቸኛው ሰው ምክር አይሆንም። የትኛውን እትም እንደያዛችሁ፣ ማስፋፊያ ጨምራችሁ ከሆነም የትኞቹን እንደሆነ አክሉበት። እኔ በዚህ ወር መጨረሻ አንድ ሳጥን የማስመጣት ዕድል አለኝ፤ ለእህቴና ለእኔ ነው። በታረመው የአርካም ሆረር መነሻና በማርቭል ቻምፒየንስ መካከል እያመነታሁ ነው። ሁለቱንም በትክክል ሁለት ሆናችሁ የተጫወታችሁ ካላችሁ፣ ያለ ምንም ማስፋፊያ መነሻ ሳጥኑ ብቻውን ስንት ጊዜ ሳይሰለች እንዳገለገላችሁ ከታች ጻፉልኝ።