ማስጠንቀቂያን ጆሮ ዳባ ልበስ የሚያሰኙ ሬዲዮዎች

በውጭ አገር ሆነው በአማርኛ የሚያሰራጩ አንዳንድ የኢንተርኔት ሬዲዮዎች ለአድማጮቻቸው እንዲህ ያለ መመሪያ ይለጥፋሉ፦ «ድምፁ አልሰማ ካላችሁ ከብሮውዘሩ ቅንብር ገብታችሁ ደህንነቱ ያልተጠበቀ ይዘት የሚለውን ፍቀዱ።» ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል።

ችግሩ የብሮውዘሩ አይደለም። ገጹ ኤችቲቲፒኤስ በተባለው አስተማማኝ መንገድ ተመስጥሮ፣ ማለትም መሃል ላይ ማንም እንዳያነበው ተቆልፎ ይደርሳል፤ ድምፁ ግን ከሌላ ሰርቨር፣ ብዙውን ጊዜ በፖርት 8000 (ፖርት ማለት የሰርቨሩ መግቢያ ቁጥር ነው) በኩል፣ ሳይመሰጠር ይመጣል። አይስካስት የተባለው የስርጭት ሶፍትዌር ሲጫን የሚነሳው በዚሁ ፖርት ነው፤ ባለቤቱም ለገጹ ሰርተፍኬት፣ ማለትም ለኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገውን ዲጂታል ማረጋገጫ፣ አውጥቶ ድምፁን ይረሳዋል። የፊቱን በር ቆልፎ የጓዳውን ክፍት መተው ማለት ነው። ባልተመሰጠረ መስመር ላይ፣ በካፌ ዋይፋይም ቢሆን፣ መሃል የገባ ሰው ማን ምን እንደሚያዳምጥ ያያል፤ ድምፁን በሌላ መተካትም ይችላል። የፖለቲካ ውይይት ለሚያሰራጭ ጣቢያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክሮም ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዲህ ያለውን የድምፅ አድራሻ ራሱ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ቀይሮ ይሞክራል፤ ካልሆነለት ያግደዋል።

ከሁሉ የከፋው ትምህርቱ ነው። የሬዲዮውን ምክር ሰምተው ማስጠንቀቂያ ማለፍ የለመዱ እናት፣ ነገ ባንካቸውን የሚመስል የአጭበርባሪ ገጽ ሲገጥማቸው ለምን ይቆማሉ? የሚያምኑት ጋዜጠኛ «እለፉት» ብሏቸዋል።

መፍትሔው ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ከ2015 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ሰርተፍኬት በነጻ ይሰጣል። ለአጭር ጊዜ የሚያገለግለው ሰርተፍኬት በራሱ እንዲታደስ ማድረግም ይቻላል። ኤንጂንኤክስ የተባለውን የሰርቨር ሶፍትዌር ከፊት አቁሞ የኤችቲቲፒኤስ መግቢያ በሆነው ፖርት 443 የመጣውን ጥያቄ ወደ 8000 ማሳለፍ፣ ከዚያም በገጹ ላይ ያለውን የድምፅ አድራሻ መቀየር ነው። ሥራውን ለሚያውቅ ባለሙያ ከግማሽ ቀን አያልፍም።

ገጹ ሲከፈት ድምፁ በራሱ አለመጀመሩ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። ክሮም ከሚያዝያ 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጎብኚው ገጹን ሳይነካ ድምፅ እንዳይጮህ በአብዛኛው ይከለክላል። በሥራ ሰዓት ገጽ ከፍቶ ከበሮ የተመታበት ሰው ሁሉ ያመሰግነዋል። ክልከላውን በዘዴ ለማለፍ ከመድከም «አዳምጥ» የሚል ትልቅ አዝራር ማስቀመጥ ይበቃል።

«እኛ እኮ በበጎ ፈቃድ ነው የምንሠራው፤ ሰርቨሩ የኪራይ ነው» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። አከራዩ ድርጅት ኤችቲቲፒኤስ አልሰጥም ካለ ግን ሌላ አከራይ ይፈለግ፤ ኪራዩን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።