ቤተልሔምን በሁለት ሰዓት

ዛሬ ልቆጣ ነው የመጣሁት። ቁጣው ከራሴ ስለሚጀምር አትቀየሙኝ።

ለፋሲካ ኢየሩሳሌም የምትወርዱ ወገኖቼ፣ ቤተልሔም ስንት ሰዓት ቆያችሁ? እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ሁለት ሰዓት ቆየሁ። አውቶቡሱ አወረደን። በዝቅተኛው በር ጎንበስ ብለን ልደት ቤተክርስቲያን ገባን። ተሰልፈን ዋሻው ውስጥ ያለውን ባለ 14 ጫፍ የብር ኮከብ ተሳለምን። አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ከዚያ አስጎብኚው አጨበጨበና ወደ አውቶቡስ። ስንመለስ በመስኮት ረጅም ግራጫ ግንብ አየን። አንዷ እናት "ይሄ የምን አጥር ነው?" አሉ። "የድንበር ነው፣ እማማ" አላቸው አንዱ ከኋላ። በቃ፣ መዝሙራችንን ቀጠልን።

የድንበር አይደለም። እስራኤል የሠራችው ነው፤ አብዛኛው ግንብና አጥር የሚያልፈውም እስራኤል በያዘችው የፍልስጤማውያን መሬት፣ ቤተልሔም ባለችበት በዌስት ባንክ ውስጥ ነው። እኔም ይህን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ብቻዬን ተመልሼ ግንቡ ፊት ለፊት አንድ ሌሊት አደርኩ።

ያደርኩበት ዎልድ ኦፍ ሆቴል ነው። ማንነቱን ደብቆ የሚኖረው እንግሊዛዊ የግድግዳ ሰዓሊ ባንክሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የከፈተው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው)። ስሙ ራሱ ቀልድ ነው። በጆሮ ሲሰማ ዋልዶርፍ የሚባለውን የሀብታም ሆቴል ያስመስላል፤ ትርጉሙ ግን "በግንብ የታጠረ" ነው። በዓለም ላይ ከሁሉ የከፋው እይታ ያለው እኔ ጋ ነው እያለ ራሱን ያስተዋውቃል። እውነቱን ነው። መስኮቱን ስትከፍቱ ስምንት ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ኮንክሪት አፍንጫችሁ ስር ተገትሯል።

ሳሎኑ የድሮ የእንግሊዝ ሹማምንት ሻይ የሚጠጡበት ክበብ ይመስላል። ፒያኖው ሰው ሳይነካው ይጫወታል። ቀና ስትሉ ግን አዳኝ የአጋዘን ራስ በሚሰቅልበት ቦታ የተደረደረው የጥበቃ ካሜራ ነው። ግድግዳው ላይ ሦስት የባሕር ሥዕሎች ነበሩ፣ የአሮጌ ዘመን የሚመስሉ። ጠጋ ስትሉ ዳርቻው ላይ የሰጠሙ ሰዎች የሕይወት አድን ጃኬት ወድቋል። የስደተኞች። እዚያ ሥዕል ፊት የማንም ማብራሪያ አላስፈለገኝም፤ ሜዲትራኒያን የኛንም ልጆች በልቷል። ሥዕሎቹ በ2020 ለንደን ውስጥ ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠው ገንዘቡ ለቤተልሔም ሆስፒታል ዋለ።

ትንሽዬ ሙዚየምም አለው። በሩ ላይ ባልፎር ተቀምጧል፣ በ1917 ለአይሁድ ሕዝብ በፍልስጤም ምድር ብሔራዊ መኖሪያ እንዲኖረው እንግሊዝ ትደግፋለች ብሎ የጻፈው ሚኒስትር። አሻንጉሊት ነው። ቁልፉን ስትጫኑት እጁ ተንቀሳቅሶ ወረቀቱን ይፈርማል። አንድ ልጅ አምስት ጊዜ ሲያስፈርመው ቆሜ አየሁ።

የኔ ክፍል ርካሹ ነበር፣ ከእስራኤል ጦር ሰፈር የመጣ ተደራራቢ አልጋ። ጠዋት ስወርድ የሌላ ክፍል በር ተከፍቶ ነበር። ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ የራስ ቁር ያጠለቀ ወታደርና ፊቱን የሸፈነ ፍልስጤማዊ በትራስ ይደባደባሉ፣ ላባው ይበናል። ከሥዕሉ ስር የጽዳት ሠራተኛዋ እውነተኛውን ትራስ እየመታች ታስተካክላለች። ቀና ብላ አላየችውም። ስንቴ ታየዋለች!

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ የሚመጣው። ከሆቴሉ አጠገብ ስፕሬይ ቀለም ይሸጣል። ገዛሁ። ግንቡ ላይ በአማርኛ "ሰላም" ብዬ ከስሩ ስሜን ጻፍኩ። ፎቶ ተነሣሁ፣ ለጠፍኩ፣ ላይኩ ጎረፈ። "ጀግና!" ያለኝም አለ። ምኑ ላይ ነው ጀግንነቱ? ባንክሲ ራሱ እዚያ ግንብ ላይ ሲስል አንድ ሽማግሌ ግንቡን አሳመርከው አሉት። አመሰገነ። እኛ እንዲያምር አንፈልግም፣ እንጠላዋለን፣ ወደ አገርህ ሂድ አሉት። ይህን የተናገረው እሱው ነው። እሱን እንዲህ ካሉት እኔንማ ምን ይሉኝ ነበር?

ሌላም አለ። በነጋታው ወደ ኢየሩሳሌም የተሻገርኩት በእግር፣ በኬላው ነው። ምሳቸውን በፌስታል የያዙ የቀን ሠራተኞች በብረት አጥር መሃል ቆመዋል። ፓስፖርቴን የተቀበለችው ወታደር ሃያ ዓመት አይሞላትም። ቀና ብላ አየችኝና "አበሻ ነሽ?" አለችኝ። ከአያቷ የተማረችው፣ ሰባራ ሰባራ አማርኛ። ደስ አለኝ። ተሳሳቅን፣ አያቷ ጎንደሬ ናቸው። ለስንት ሰው አወራሁት፣ "ወገናችን እኮ እዚያ ድረስ!" እያልኩ። ካወራሁላቸው ሰዎች አንድም ከኋላዬ ስለቆሙት ሰዎች አልጠየቀኝም። እኔም አላነሣሁም። በሷ መኩራቴ ጥፋት አይደለም፣ እነሱን ከወሬዬ መጣሌ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ፌስቡክ ላይ ስለዚያ አገር ስትጨቃጨቁ አያለሁ፣ እንደ አርሴናልና ማንቼ ደጋፊ። አንዱ ብሉይ ኪዳን ይጠቅሳል፣ ሌላው ይራገማል። "ቤተልሔም ውስጥ ክርስቲያን አለ እንዴ?" ብሎ የጠየቀኝ ዲያቆን አለ፣ ዲያቆን! እናንተ ሰዎች፣ የልደቱን ደወል ማን የሚደውለው ይመስላችኋል?

ግንቡ በ2002 መሠራት የጀመረው የኢየሩሳሌም አውቶቡሶች በአጥፍቶ ጠፊዎች በሚፈነዱበት ጊዜ ነው። ልጇን አውቶቡስ ላይ ያጣች እናት ስለ ግንቡ የምትለው አላት፤ ስሟት። ከወይራ ማሳው የተቆረጠ ገበሬም የሚለው አለው፤ የዓለም ፍርድ ቤትም በ2004 በተያዘ መሬት ላይ መሠራቱ ሕግ ይጥሳል ብሎ አስተያየት ሰጥቷል። ሁለቱን ሰምታችሁ ከዚያ ወዲያ ወደፈለጋችሁት አዘንብሉ፣ እኔ ምን አገባኝ። ሳይሰሙ መፍረድ ግን በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ነው። በዚህ ደግሞ እርስ በርሳችን የለመድነው ይበቃናል።

ጉዞ የምታዘጋጁ ሰዎችም አላችሁ። ምእመኑ ለዓመታት እቁብ ጥሎ ያጠራቀመውን ትቀበላላችሁ፤ የጌታን የትውልድ ከተማ ግን እንደ ነዳጅ ማደያ ቆመን እናልፋታለን። ቤተልሔም የምትኖረው በእንግዳ ነው። የጋዛው ጦርነት በ2023 ሲጀምር ሆቴሉም ተዘጋ፣ ያን ገና ከተማዋ የበዓል መብራቷን አላበራችም። አንድ ሌሊት እናድራለን ብላችሁ ጠይቋቸው። እዚያው ብሉ፣ ከእንጨት ቀራጩ ግዙ፣ የከተማውን አስጎብኚ ቅጠሩ። ስፕሬዩን ተዉት።

ሂሳብ ስከፍል የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝና ነገርኩት። ሐበሾችን ያውቃል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በየዓመቱ ነጭ ለብሰን ስናልፍ ያየናል።

"ታምራላችሁ" አለኝ። "ግን ከተማው ውስጥ አትገቡም። ለምንድን ነው?"

"አውቶቡሱ ይጠብቀናል" አልኩት። የተሻለ መልስ ያላችሁ ንገሩኝ።