እርጉዟን የሚያፍናት ማስኩ ነው ከሰሉ?

ከኮሮና ሰሞን ጀምሮ አንድ ወሬ አልጠፋም፤ ማስክ ለነፍሰ ጡር አይሆንም፣ ፅንሱ አየር ያጥረዋል ይባላል። ጤና ጣቢያ ለክትትል ወረፋ የያዘች ልጅ ማስኳን አገጯ ላይ ካላወረደች አጠገቧ የተቀመጡት እናቶች አይለቋትም። «ልጄ፣ ለሆድሽ እዘኚለት እንጂ፣ አውልቂው!» አስበውላት ነው። ግን ተሳስተዋል።

ትንፋሿ ማጠሩ እውነት ነው። የሚያሳጥረው ግን እርግዝናው ራሱ ነው። ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ገና ከመጀመሪያዎቹ ወራት አንጎልን «ጨምሪ፣ ተንፍሺ» እያለ ይጎተጉታል፣ ማህፀን ሲያድግ ደግሞ ድያፍራምን (ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ) ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይገፋዋል፣ በደቂቃ የምትተነፍሰውም አየር ከ30 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ጤነኛ ሆነው፣ ያለ ምንም ማስክ፣ ደረጃ ሲወጡ ቁና ቁና የሚተነፍሱ እርጉዞች ሞልተዋል። አፍንጫም ይታፈናል። በዚያ ላይ ማስክ ሲጨመር ይሞቃል፣ ያልባል፣ ይጨንቃል፤ አልክድም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታፍኖ ይቀራል የሚሉ አሉ። ጋዝ እኮ ነው፣ በማስኩ አልፎ ይወጣል። ከበድ የሚለው ኤን 95 የሚባለው፣ ፊት ላይ ጥብቅ የሚለው ወፍራም ማስክ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የሲንጋፖር ጥናት፣ እርጉዝ የጤና ባለሙያዎች በኤን 95 ጨርቅ ውስጥ ሲተነፍሱ የሚስቡት አየር እንደሚቀንስ አይቷል፤ የእናትየዋ የደም ኦክስጅንና የፅንሱ የልብ ምት ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ኤን 95 አድርጋ የቲቢ ክፍል የምትሠራ እርጉዝ ነርስ በየመሀሉ ወጣ ብላ አየር ትውሰድ። የወረፋዋ ልጅ ያደረገችው ስስ ማስክ ግን ከዚያ በጣም የቀለለ ነው።

እኔን የሚያሰጋኝ «ማስኩ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ነገር ነው። ቁጭ ብላም ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት ወይ ልቧ ድው ድው ካለ ዛሬውኑ ትታይ። የደም ማነስም ሊሆን ይችላል፣ የልብ ችግርም። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው ደግሞ ቲቢ ትመርመር።

ደግሞ የሚገርመው፣ አውልቂው ያሏት እናት ቤታቸው ቡና ሲጠሯት በር ዘግተው ከሰል ያቀጣጥላሉ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል፣ ከፅንሱ ደም ለመውጣትም ከእናቱ ይልቅ ጊዜ ይፈጅበታል። ማስክም አያቆመውም። ጭሱ አልቆ ፍም ብቻ ቢቀር እንኳ ጋዙ አለ። እናቶች፣ ለሆዷ ካዘናችሁ ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥሉት፣ ቡናውንም እዚያው አፍሉት።