ክርክር፦ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ቨርቹዋል ማሽንና ኢሙሌተር

ጥያቄው ይህ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ጭኖ፣ በውስጡ ደግሞ የአንድሮይድ ኢሙሌተር (ላፕቶፕ ላይ እንደ ስልክ የሚሠራ መሞከሪያ ፕሮግራም) ማስኬድ ያዋጣል? ያዋጣል የምትለው ኮምቦልቻ ላይ መተግበሪያ መሥራት የምታስተምር ናት። አያዋጣም የሚሉት ደሴ ፒያሳ ኮምፒውተር ይጠግናሉ።

አስተማሪዋ፦ ያዋጣል። የክፍሌ ላፕቶፖች የጋራ ናቸው። ጠዋት የሚማረው ልጅ ያበላሸውን ከሰዓት የሚመጣው ያገኘዋል። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ግን የፈለጉትን ይነካኩ፤ ቀድሜ ወዳስቀመጥኩት ንጹህ ቅጂ ወዲያው እመልሰዋለሁ። መሣሪያዎቹን አንዴ አስተካክዬ ፋይሉን ለሁሉም ማሽን እገለብጣለሁ። በየማሽኑ ከኢንተርኔት ማውረድ ቀረልኝ።

ጠጋኙ፦ እህቴ፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነው፤ ማሽኑ ግን አይችለውም። ኢሙሌተር የሚፈጥነው ፕሮሰሰሩ ለቨርቹዋላይዜሽን፣ ማለትም ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ለማስኬድ፣ በቀጥታ ሲያግዘው ነው። ያን እገዛ ቨርቹዋል ማሽኑ ይይዘዋል። ውስጥ ላለው ኢሙሌተር ማሳለፍ ሌላ ችሎታ ይጠይቃል። ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬደው ቨርቹዋልቦክስ የሚባለው ፕሮግራም ለኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ6.1 እትሙ ነው፤ እሱም ከአምስተኛው ትውልድ ወዲህ ላሉት። እኔ ዘንድ የሚመጡት አብዛኞቹ ሁለተኛና ሦስተኛ ትውልድ ናቸው። እገዛው ካልደረሰው ኢሙሌተሩ ወይ አልነሳም ይላል፣ ወይ እያንዳንዱን ትእዛዝ በሶፍትዌር እየተረጎመ ይንፏቀቃል። መነሻ ገጹ እስኪመጣ ቡናው በረካ ይደርሳል።

አስተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ያሉት ለቨርቹዋልቦክስ ልክ ነው። እኔ ግን ከታች በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ጭኜ፣ ከሊኑክስ ጋር በሚመጣው ቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ በኬቪኤም ነው የማስኬደው። እሱ ለነዚያ አሮጌ ፕሮሰሰሮችም እገዛውን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ከከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 4.20 ወዲህማ ለኢንቴል ተከፍቶ ነው የሚመጣው። ባዮስ ላይ፣ ማሽኑ ሲነሳ በሚገኘው ማስተካከያ፣ ተዘግቶ ከሆነ እሱን መክፈት ነው።

ጠጋኙ፦ ይሁን፣ ፕሮሰሰሩ ተፈታ እንበል። ራሙስ? መተግበሪያ የሚሠራበት ፕሮግራም፣ አንድሮይድ ስቱዲዮ፣ ብቻውን ቢያንስ 8 ጊጋባይት ይጠይቃል። 8 ያለውን ላፕቶፕ ታችኛው ሲስተም፣ ቨርቹዋል ማሽኑና ኢሙሌተሩ ሊሻሙት ነው። ራሙ ሲሞላ ወደ ዲስክ ይጽፋል። ዲስኩ የሚሽከረከረው የድሮው ዓይነት ከሆነ በቃ፣ ቆመ። ግራፊክስ ካርዱም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ውስጥ አይደርስም፤ ያኔ የስክሪኑን ምስል ፕሮሰሰሩ ራሱ ይስላል። ይልቅ ስልክ በኬብል ሰኪ። ስክሪን ኮፒ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የስልኩን ስክሪን ላፕቶፑ ላይ ያወጣልሻል፤ ማሽኑንም አያስጨንቀውም።

አስተማሪዋ፦ የማንን ስልክ? የብዙዎቹ ስልክ የቤተሰብ ነው። የእናቱ ብር ያለበትን ስልክ ለሙከራ ክፈት አልለውም። አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎች ደግሞ ስልኩን ለሙከራ የሚከፍተው የገንቢ አማራጭ ሲበራ አንሠራም ይላሉ። ከዚያም አንድ ስልክ አንድ የአንድሮይድ እትም ነው ያለው። አንድሮይድ 13 መተግበሪያው ማሳወቂያ ለመላክ ፈቃድ እንዲጠይቅ ያስገድዳል። አንድሮይድ 8 ባለው ስልክ ብቻ የሞከረ ልጅ ይህን አያየውም። የራሙን ነገር አልክድም። ለዚህ ስቱዲዮውን ትቻለሁ፤ ኮዱን በቀላል ኤዲተር ይጽፋሉ፣ ከተርሚናል፣ ትእዛዝ እየጻፍን፣ እንገነባለን። ኢሙሌተሩንም በትንሽ ስክሪን ነው የምከፍተው።

ጠጋኙ፦ እንግዲያ ኢሙሌተሩን ሊኑክሱ ላይ በቀጥታ ክፈቺዋ! የሁኔታ ቅጂ ማስቀመጥ እሱም ይችላል። አንድ ንብርብር ይቀንስልሻል። ደግሞ ቨርቹዋል ዲስክ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ መብራት ድንገት ከሄደ ሙሉው ሊበላሽ ይችላል።

አስተማሪዋ፦ ቢበላሽ ነው እኮ ዋናውን ቅጂ ውጭ ያስቀመጥኩት። ኮዳቸውንም በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ በፍላሽ ይዘው ይሄዳሉ። ኢሙሌተሩ የሚያስቀምጠው የስልኩን ሁኔታ ብቻ ነው፤ ልጁ ከላፕቶፑ ያጠፋውን ጃቫ፣ መተግበሪያውን የምንገነባበትን፣ አይመልስልኝም።